ወንድሜ ያልተማረው አምስተኛ ክፍል

«ሒሳብ ጭንቅላት ይጠይቃል» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ሠርግ ቤት ይሁን ለቅሶ ቤት ግድ የለኝም፤ እከራከራለሁ። ዘመዶቼ «ደግሞ ጀመራት» ይላሉ። ይበሉ! ከእኔና ከወንድሜ ጭንቅላት የነበረው እሱ ነው፤ ሒሳብ ያወቅሁት ግን እኔ ነኝ። ይህን ያላየ ሰው ስለ ጭንቅላት ባያወራ ደስ ይለኛል።

እሱ በአንድ ዓመት ይበልጠኛል። ትምህርት ቤት የገባነው ግን አብረን ነው፤ እሱ ሲመዘገብ «እኔም!» ብዬ መሬት ላይ ተንከባልዬ ስላለቀስኩ። እስከ አራተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ተቀመጥን። ወንድሜ ቄስ ትምህርት ቤት ሳለ ዳዊቱን በቃሉ የወጣ ልጅ ነው። የሬዲዮ ዜና አንዴ ሰምቶ በዜና አንባቢው ድምፅ ይደግመዋል። ገበያ ወርዶ ከኦሮሞዋ ጋር በኦሮምኛ፣ ከሐረሪዋ ጋር በሐረሪ ተከራክሮ የፈለገውን ይዞ ይመለሳል። እኔ ቀርፋፋ ነበርኩ። እሱ ሥራውን ጨርሶ፣ አገጩን በእጁ ደግፎ እስክጨርስ ይጠብቀኛል። ሲሰለቸው «አንቺ ልጅ፣ እርሳሱ ነው ወይስ አንቺ ነሽ የደነዝሽው?» ይለኛል።

አምስተኛ ክፍል ልንገባ ስንል የሶማሌ ጦርነት መጣ። የምንኖረው ሐረር፣ ፈላና በር አጠገብ በተከራየናት ሁለት ክፍል ቤት ነበር። አባታችን ቀደም ብሎ በበሽታ ሞቷል፤ እናታችን ሆስፒታል ውስጥ የበሽተኛ አንሶላ አጣቢ ነበረች። ከተማው በወታደርና ከየገጠሩ በሸሸ ሰው ሲሞላ፣ አንድ የሩቅ ዘመዳችን የጭነት መኪና ይዞ ወደ ናዝሬት ሊወጣ ሆነ። ጋቢናው ውስጥ ለአንድ ልጅ ቦታ ነበረው። ናዝሬት የእናቴ እህት አለች። እናቴ አላመነታችም። «ሴት ልጅ ናት፤ ይህ ሁሉ ወታደር ባለበት አላስቀምጣትም። ወንዱ ከእኔ ጋር ይሙት» አለች። እንዲህ ሆኖ እኔ ሄድኩ፣ እሱ ቀረ።

ናዝሬት አክስቴ አምስተኛ ክፍል አስገባችኝ። የሒሳብ አስተማሪያችን ቀጭን፣ ፊታቸው የማይፈታ ሴትዮ ነበሩ። ከገና እስከ ፋሲካ ክፍልፋይ ብቻ አስተማሩን። ላዕል፣ ታህት፣ የጋራ ታህት፣ ማሳጠር፣ ማብዛት፣ ገልብጦ ማብዛት። እንደገና ደግሞ ከመጀመሪያው። የተሳሳተ ልጅ ስህተቱ የት ላይ እንደሆነ ራሱ እስኪያገኘው ድረስ ሰሌዳው ፊት ይቆማል እንጂ ወደ ቦታው አይመለስም። እኔ ብዙ ቆሜያለሁ። እናቴና ወንድሜ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ሳላውቅ፣ ሁለት ሦስተኛን ለአምስት ስድስተኛ እያካፈልኩ አለቅስ ነበር። ሴትዮዋ እንደ ኮሶ መረሩኝ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዕድሜ ልኬን እንጀራ የበላሁት ያኔ ባስያዙኝ ነገር ነው።

ሐረር ደግሞ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ የሸሸ ሕዝብና ሚሊሺያ ሰፈረበት። ወንድሜ ዓመቱን ሙሉ ሆስፒታል ዋለ። ለቁስለኛ ውሃ ያመላልሳል፣ ከእናቴ ጋር ፋሻ ያጥባል። ጦርነቱ ረግቦ ስመለስ ድምፁ ጎርነን ብሎ፣ ትልቅ ሰው መስሎ ጠበቀኝ። ትምህርት ቤት ሲከፈት ወላጆች ተሰበሰቡና ተነገራቸው፤ ጦርነቱ የልጆቹ ጥፋት ስላልሆነ ማንም ክፍል አይደግምም፣ ሁሉም ወደሚቀጥለው ይዛወራል ተባለ። እናቶች እልል አሉ። የእኔም እናት እልል ካሉት አንዷ ናት። «እግዜር ይስጣቸው፤ ዓመቱን አላቃጠሉበትም» እያለች ቤት ገባች። ማን ይፈርድባታል? ልጅ ከሞት ተርፎ ስለ አምስተኛ ክፍል ማን ያስባል!

ስድስተኛ ክፍል ላይ እንደገና አብረን ሆንን። አስተማሪው ገና በመጀመሪያው ሳምንት «ክፍልፋይን አምስተኛ ላይ አይታችኋል፤ ቶሎ ከልሰነው እናልፋለን» አሉ። በአንድ ክፍለ ጊዜ ከለሱት። አብዛኛው ልጅ ያላየውን ነው የከለሰው! «ገባችሁ?» ሲሉ ክፍሉ በሙሉ «አዎ!» አለ። ወንድሜም አለ። አልገባኝም ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ይልቁንም ጎበዝ እየተባለ ላደገ ልጅ። ሰባተኛ ክፍል ስንደርስ ደግሞ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ሆነና ላዕልና ታህት የሚሉት ነገር ስሙም አብሮ ቀረ። ያመለጠውን ነገር በስሙ ጠርቶ መጠየቅ እንኳ አልቻለም።

ታዲያ እንዴት እስከ አሥራ ሁለተኛ ደረሰ? በሚያውቀው መንገድ ነዋ! ሒሳብን እንደ ዳዊት ያዘው። መጽሐፉ ውስጥ የተሠሩትን ምሳሌዎች ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው በቃሉ ያጠናል። ጠዋት ጠዋት ከደጃችን፣ ከጀጎል ግንብ ሥር ወዲያ ወዲህ እያለ በዜማ ይወርደዋል። «ኤክስ ስኩዌር ፕላስ ፋይቭ ኤክስ ፕላስ ሲክስ...» የሚያልፉ ሽማግሌዎች ቆም ብለው ያዳምጡታል። አንድ ቀን አንዲት ሐረሪ ጎረቤታችን እናቴን አስቁማ «ማሻ አላህ! ልጅሽ ዱዓ ይወዳል» አለቻት። እኔና እሱ ያን ቀን በሳቅ ልንሞት ነበር። እናቴ ግን አልሳቀችም፤ ጥናት ከጸሎት አያንስም ብላ የምታምን ሰው ናት።

ጥያቄው ከመጽሐፉ እንደ ወረደ ከመጣ መቶ ከመቶ ያገኛል። ቁጥር ከተቀየረ ግን ጉድ ይፈላል። አሥረኛ ክፍል ላይ የሒሳብ አስተማሪያችን፣ ህንዳዊ ነበሩ፣ አንዱን የመጽሐፍ ምሳሌ ወስደው ሰባቷን ወደ ዘጠኝ ለውጠው ፈተኑን። ወንድሜ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ የሰባቷን መልስ ግጥም አድርጎ ጻፈ። አንዲት ምልክት አልሳተም። አስተማሪው ወረቀቱን አንሥተው አሳዩትና «ይህ የማን ጥያቄ መልስ ነው?» አሉት በእንግሊዝኛ። ክፍሉ ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ። ቤት ስንገባ ግን ምሳውን ሳይነካ ተነሣ። «ሰባቷን ለምን ነኳት? ምን አደረገቻቸው?» አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር፤ የምሩን ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስንገባ ሳቁ አለቀ። ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ ቀበሌ ወጣቱን መመዝገብ ጀመረ። ተማሪን ለጊዜው አይነኩም። ማትሪክ አልፎ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተረፈ፤ የወደቀ ከቀበሌው እጅ አይወጣም፣ መድረሻውም ሰሜን ጦር ግንባር ነው። ማትሪክ ደግሞ ያለ ሒሳብ አይታለፍም። ታሪክ፣ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ ለወንድሜ ውሃ እንደ መጠጣት ናቸው። በአንድ ትምህርት ብቻ ነፍሱ ተንጠለጠለች። እናቴ ሆስፒታል የቁስለኛ አንሶላ ስታጥብ ውላ ትመጣና እኔን አልፋ እሱን «ሒሳቡ እንዴት ነው?» ትለዋለች። «ደህና ነው እማዬ» ይላታል። ሦስታችንም ደህና እንዳልሆነ እናውቃለን።

«እኔ አስጠናሃለሁ» አልኩት። ከአሥራ ሁለተኛ ጀመርን። አልሄድ ሲል አሥራ አንደኛን ከፈትን። እሱም አልሄድ ሲል አሥረኛን። ገመድ አጥሮበት ባልዲው ውሃ እንዳልነካለት ሰው ወደ ታች ወደ ታች ብቻ ሆነ። እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝምና «ይኼ እኮ ቀላል ነው!» እያልኩ እጮህበታለሁ። እሱ አንገቱን ደፍቶ «ለአንቺ» ይላል። እንዴት እንደምጠላት ያቺን ቃል! እኔን ደርሶ እንደ ሊቅ፣ እሱን እንደ ደደብ የምታደርግ ቃል ነች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ተስፋ ልቆርጥ ስል «እሺ፣ አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ ስንት ነው?» አልኩት። ሳያመነታ «ሁለት አምስተኛ» አለኝ። ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደመረው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ ሰው! የዚያን ቀን ግን አልጮህኩም። እናቴ ከኤረር በር ገበያ የገዛቻቸው ፓፓያዎች ነበሩ። አንዱን ለሁለት ሰንጥቄ ግማሹን አስያዝኩት። ሁለተኛውን ፓፓያ ለሦስት ከፈልኩና አንዱን ቁራጭ ጨመርኩለት።

«አሁን የያዝከው ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?»

«ይበልጣል ነዋ!»

«ሁለት አምስተኛስ ከግማሽ ይበልጣል?»

የፓፓያው ውሃ በክንዱ ይወርዳል፣ እሱ አያየውም። «ግማሽ ላይ ጨምሬ ከግማሽ አነሰብኝ?» አለ። ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረና ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። «ይህን ሁሉ ዓመት ደደብ ነኝ ብዬ ነበር እኮ» አለኝ። «ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ለእኔ ብቻ ያልተሰጠኝ ነገር ያለ ይመስለኝ ነበር።» ያልተሰጠው ነገርማ አለ! ከገና እስከ ፋሲካ ያለችው ጊዜ ናት፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ከዚያ በኋላ እንዴት እንደተማረ ብናገር የሚያምነኝ የለም። ክፍልፋይን ጨርሶ ነጋቲቭ ቁጥር ገባ፣ ከነጋቲቭ ቁጥር አልጀብራ ገባ። ዜማውን ተወው። አንዳንዴ ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ «እንዴ! ይቺ ናት እንዴ ኢኩዌዥን ማለት?» ይላል፤ የሚቆጣ ይመስላል፣ ደስታው ግን ፊቱ ላይ ያስታውቃል። በትንሽ ቀን ውስጥ እኔ በዓመት የተማርኩትን ይውጠዋል። እኔም ተስፋ አደረግሁ፤ ሞኝ ስለነበርኩ።

ቀኑ ግን አልጠበቀንም። አንድ ቀን ሁለታችንም አሥራ ሁለተኛ ላይም ወደሚያስተምሩን ወደ ህንዳዊው አስተማሪ ሄደን በጦርነቱ ዓመት ያልተማሩ ልጆች ብዙ መሆናቸውን ነገርናቸው። ከትምህርት ሰዓት ውጪ እንኳ ከሥር ጀምረው እንዲያስረዷቸው ለመንን። ሰውየው ክፉ አልነበሩም፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «ፖርሽን መጨረስ አለብኝ» አሉ። «ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚጠይቀኝ የትኛው ምዕራፍ ላይ እንደደረስኩ ነው። ተማሪው የት እንደቀረ ጠይቆኝ አያውቅም። ከሥር ብጀምር የቀሩትም ይወድቃሉ።» ለወንድሜ አዘኑለት፤ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። እናቴ ስንነግራት «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» አለች፤ ቀሪውን አልጨረሰችውም።

ማትሪክ ሲደርስ ወንድሜ ስምንተኛን ጨርሶ ዘጠነኛን ጀምሮ ነበር። ፈተናው የአሥራ ሁለተኛ ነው። ከፈተናው ስንወጣ ከንፈሩ ደርቆ አገኘሁት። «ምን ሆነህ?» ስለው «በፊት ቢሆን በጭፍን አጠቁረው ነበር፤ አንዳንዱም ይመታ ነበር» አለኝ። «አሁን የማላውቀውን ስላወቅሁት እጄ አልታዘዝ አለኝ።» አብሬው ልስቅ ፈልጌ ነበር፤ አልሆነልኝም። ባላስተምረው ኖሮስ የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ እሱንም እዚያው ዋጥኩት።

ውጤቱ መጣ። እሱ ታሪክ ኤ፣ እንግሊዝኛ ቢ፣ ሒሳብ ኤፍ። እኔ ሒሳብ ኤ። እናቴ ሰምታ ወደ እኔ ዞረች። «ያን ጊዜ እሱን ልኬ አንቺን ባስቀር ኖሮ፣ ሁለታችሁም ቤቴ ነበራችሁ» አለች። «ሴት አይወስዱም።» ክፋት አልነበረውም፤ አስባ ነው የተናገረችው፣ ስሌቷም ልክ ነው። እሱ ሰምቷት «እማዬ፣ ተይ እንጂ!» ብሎ ጮኸባት። በሕይወቱ እናቱ ላይ ሲጮህ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

ቀበሌው ጠራው፤ ሄደ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ይለኛል።

በዓመቱ ግድም ለጥቂት ቀን ፈቃድ መጣ። ክረምት ስለነበር እኔም ቤት ነበርኩ። ጠቁሮ፣ ከስቶ፣ ዓይኑ ወደ ውስጥ ገብቷል። እናቴን ስሞ ገና ቦርሳውን ሳያስቀምጥ «ነይ እስኪ አስተምሪኝ» አለኝ። መድፈኛ ክፍል ውስጥ መድበውት ነበር። ወረቀቱ አሥራ ሁለት የጨረሰ ይላላ! አብረውት ያሉት አብዛኞቹ ከመሠረተ ትምህርት ያላለፉ የገበሬ ልጆች ናቸው፤ ለመድፉ ርቀቱንና ማዕዘኑን የሚያሰላ ሲፈለግ «አንተ ተማሪው፣ ና!» አሉት። አንድ የሚያውቅ አሥር አለቃ ስለነበረ እስከዚያ ድረስ ከእሱ እያየ ነው የኖረው።

«አሥር አለቃው ሊቀየር ነው። ከዚያ በኋላ እኔ ብቻ ነኝ» አለኝ። ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ እናቴ እንዳትሰማ። «ብሳሳት የት እንደሚወድቅ ታውቂያለሽ? ከፊታችን ምሽግ ውስጥ ያሉት የራሳችን ልጆች ናቸው።»

ካቆምንበት ጀመርን፣ ከዘጠነኛ። እናቴ ፈቃዱን ሙሉ ወረቀት ላይ ተደፍተን ስታየን «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነው እንዴ?» ብላ ደስ አላት። ምን ብለን እንንገራት! እሱ ይጥራል፣ ይገባዋልም፤ ግን አንዱ በሌላው ላይ የሚቆም ነገር ነው፣ ዘሎ የሚያዝ አይደለም። የሚፈልጋት ቦታ ሳንደርስ ፈቃዱ አለቀ። አውቶቡስ ተራ ስሸኘው እጄን ያዘኝና «አንቺ ጥሩ አስተማሪ ነሽ፤ ጩኸትሽን ብቻ ቀንሺ» አለኝ። ሳቅኩ፣ አለቀስኩም። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ዓመታት አለፉ፤ ሞተም ኖረም የሚለን አልተገኘም። መንግሥቱ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን ወታደሩ በየመንገዱ እየለመነ፣ እግሩን እየጎተተ ሐረር ገባ። እናቴ ያን ሰሞን ያላየችው ፊት የለም። ነጠላዋን አጣፍታ ወጥታ ትቆምና ያለፈውን ሁሉ «ከየት ነህ? ከየትኛው ጦር ነህ?» ትለዋለች። አብዛኞቹ «ውሃ ስጪን እናቴ» ይሏታል፤ ትሰጣቸዋለች።

አንድ ከሰዓት አንድ ሰው ደጃችን ላይ ቆሞ «የተማሪው ቤት ይህ ነው?» አለ። ከሐረር አጠገብ ያለችው የሶፊ አገር ልጅ ነው፣ ገበሬ። ጦር ግንባር አብሮት እንደነበረ፣ ቤታችን ፈላና በር መሆኑን ከአፉ ሰምቶ እንደመጣ ነገረን። እናቴ ገና ሳትጠይቀው ፊቱን አይታ ገባትና ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ሰውየው ሲናገር መሬት መሬት ያያል። አሥር አለቃው የተቀየረ ዕለት ወንድሜ ተጠራ። ሠንጠረዡን ሰጡት። እሱ ግን ተስተካክሎ ቆመና፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ «ጓድ መቶ አለቃ፣ እኔ ሒሳብ አልችልም» አለ። መቶ አለቃው አላመነውም። «አሥራ ሁለት ጨርሰህ ሒሳብ አልችልም? ፈሪ!» ብሎ ለቅጣት ወደ እግረኛ ሰደደው፣ ከፊት ወዳለው ምሽግ። ብዙ አልቆየም።

እናቴ አልጮኸችም። ሰውየውም አልተነሣም፤ ሌላ የሚለው ነገር እንዳለው ታወቀኝ። ኮፍያውን በእጁ እያዞረ ቆየና ወደ እኔ ዞረ።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ወላሂ ለክፋት አይደለም። እውነት አያውቅም ነበር? ወይስ መቶ አለቃው እንዳለው ነው?»

እናቴ ቀደመችኝ። «ምን ማለትህ ነው! የእኔ ልጅ ጎበዝ ተማሪ ነበር! መምህራኑ የመሰከሩለት!» ወደ እኔ ዞረች፤ ዓይኗ ይለምነኛል። «ንገሪው እንጂ! ሒሳብ እንደሚችል ንገሪው!»

«አያውቅም ነበር» አልኩ።

«ልጄን ደንቆሮ አድርገሽ ልትቀብሪው ነው?» አለች እናቴ፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

«አያውቅም ነበር እማዬ። አልተማረውማ!»

ሰውየው ኮፍያውን ማዞሩን አቆመ። «እኛ እኮ ፈሪ ነበር የምንለው» አለ። «እስከሞተባት ቀን ድረስ፣ በስሙ አንጠራውም ነበር።»